ራጅ ነገሌ የገባ ሰሞን

ባለፈው ሳምንት ሐዋሳ ውስጥ አንድ ክሊኒክ ሄጄ ሆዴን በአልትራሳውንድ ታየሁ። ቀኝ ጎኔን ወጋ ወጋ ሲያደርገኝ ስለሰነበተ ልጄ ናት እየጎተተች የወሰደችኝ። ከማታ ጀምሮ እህል እንዳልቀምስ፣ ጠዋት ደግሞ ውሃ በብዛት ጠጥቼ ሽንት ቤት ሳልሄድ እንድጠብቅ ታዝዤ ነበር። ለምን እንደሆነ ማንም አላስረዳኝም። እኔ ደግሞ «ለምን?» የሚል ጥያቄ ሳይመለስ ከክፍል ወጥቼ የማላውቅ መምህር ነበርኩና ጠየቅሁ። ሰው ምግብ ሲበላ የሐሞት ከረጢቱ ይጨማደድና አልታይ ይላል፤ አንጀቱም በአየር ይነፋል። በውሃ የተወጠረ ፊኛ ግን እንደ መስኮት ነው፤ ከኋላው ያለው ሁሉ ወለል ብሎ ይታያል። ምክንያቱን ካወቅሁ በኋላ ያ ሁሉ ውሃ ቀለለኝ ብል ግን ውሸት ይሆናል።

ተራዬ ደረሰና አልጋው ላይ በጀርባዬ ተጋደምኩ። ሐኪሟ እንደ ተልባ የሚያሟልጭ ነገር ሆዴ ላይ አፈሰሰችብኝ። ቀዝቃዛ ነው፤ ሰውነትን ሰቅጠጥ ያደርጋል፤ ከዚያ ሌላ ግን ምንም የለውም። በመዳፏ የያዘቻትን መሣሪያ ጫን እያደረገች ወዲያና ወዲህ አመላለሰቻት። «ትንፋሽዎን ይሳቡ አባባ፤ ይያዙት፤ አሁን ይልቀቁ። ወደ ግራ ዞር ይበሉልኝ።» አያምም፣ አያቃጥልም፣ ጨረርም የለውም። መሣሪያዋ የሰው ጆሮ የማይሰማው ድምፅ ወደ ውስጥ ትልካለች፤ ድምፁም እንደ ገደል ማሚቶ ከጉበቱም ከኩላሊቱም እየተመለሰ ስክሪኑ ላይ ሥዕል ይሆናል። ወዲያው አለቀ፤ ሆዴን በሶፍት ጠራርጌ ተነሣሁ።

ስወጣ፣ በሩ አጠገብ ተራ የምትጠብቅ አንዲት ሴት እጄን ያዘችኝ።

«አባባ፣ ምን አለዎት?» አለችኝ በሹክሹክታ።

«ምን ታየ?» አላለችም። «ምን አለዎት?» ነው ያለችው፤ ማሽኑ አፍ ያለው ይመስል። እዚያው ኮሪደሩ ላይ ሳቄ አመለጠኝ። ልጄ ደነገጠች፤ ሐኪሟ ክፉ ነገር ነግራኝ አእምሮዬ የተነካ መሰላት። እኔ ግን ሐዋሳ አልነበርኩም። ነገሌ ቦረና፣ ከጤና ጣቢያው ፊት ለፊት፣ ግራሩ ሥር ቆሜ ነበር።

ነገሌ የገባሁት በጃንሆይ ዘመን፣ ከመምህራን ማሠልጠኛ በወጣሁ ዓመት ነው። ከጭነት መኪና አናት፣ ጆንያ ላይ ተቀምጬ ነበር የሄድኩት። ከወደራ ከተማ ወዲያ ያ ጥቅጥቅ ያለ የጥድ ደን እያለቀ ሲሄድ ምድሩ ድንገት ቀይ ይሆናል፤ ሰማዩም ይሰፋል። ለሥራ መጀመሪያ ያሰፋሁት ነጭ ሸሚዝ ነገሌ ስደርስ ጡብ መስሎ ነበር። ዛሬም ያን ሸሚዝ ሳስታውስ አቧራው አፍንጫዬን ይኮረኩረኛል።

ከጦር ሰፈሩ አጠገብ ከእትዬ ይርገዱ ግቢ አንዲት ክፍል ተከራየሁ። እትዬ ይርገዱ የጎጃም ሴት ናት፤ ባሏ ሃምሳ አለቃ ናቸው። ቤቷ ንጹሕ፣ እጇ ለጋስ፣ ምላሷ ደግሞ ከጦር ሰፈሩ መለከት ቀድሞ የሚሰማ ነበር። ቁርሴ እሷ ዘንድ ነው፤ ሃምሳ አለቃ ከካምፕ የሚያመጡትን ኮቾሮ፣ ያንን ጥርስ የሚያነቃንቅ የወታደር ብስኩት፣ በትኩስ ወተት እያራስን እንበላ ነበር።

ወተቱን የምታመጣልን ሎኮ ነበረች። ከከተማው ወጣ ብሎ ካለ መንደር የምትመጣ ወጣት የቦረና ሴት ናት። ባሏ ከብቶቹን ይዞ ወደ ሩቅ ግጦሽ ወርዷል፤ እሷ ከአማቷ፣ ከባሏ አባት፣ እና ከትንሽ ልጇ ጋር ናት። ወተቱን በጎርፋ ትሸከማለች። ጎርፋ ከሥር ጭረት ተጠልፎ የተሠራ፣ ጠብ የማይል ዕቃ ነው። ሁልጊዜ ንጋት ላይ ፍም ይገባበትና በጭስ ይታጠናል፤ ወተቱም የጭስ ጣዕም ይይዛል። መጀመሪያ ስቀምሰው ያረረ መሰለኝ፤ ወር ሳይሞላኝ ግን ጭስ የሌለው ወተት ውሃ ውሃ ይለኝ ጀመር።

ሎኮ ተጫዋች ነበረች። እኔ ኦሮምኛ ለመማር ቆርጬ ተነሥቼ በየቀኑ የሰማሁትን ቃል እየደጋገምኩ በቃሌ እወጣው ነበርና፣ ጠዋት በሩ ላይ ስታገኘኝ ፈተና ትሰጠኛለች።

«ባርሲሳ፣ አካም ቡልቴ በል እስቲ።» ባርሲሳ ማለት መምህር፣ አካም ቡልቴ ደግሞ እንዴት አደርክ ማለት ነው።

«አካም ቡልቴ!»

«ዋይ! እንደ ሻምበሉ ፈረስ ነው የምታወራው» ትልና ጎርፋዋን ይዛ እየሳቀች ትሄዳለች።

አንድ ቀን ጠዋት ግን በሩ ላይ ሳል ያዛት። ወተቱን ቀድታ ሳትጨርስ ደረቷን ይዛ አጎነበሰች፤ ዓይኗ እንባ እስኪያቀርር ሳለች። እትዬ ይርገዱ ኩባያዋን ይዛ ቆማ አየቻት። ሎኮ ከግቢው ሳትወጣ እትዬ ይርገዱ ወደ እኔ ዞረችና «መምህር፣ ይቺ ሴት ሳንባዋ አልቋል! አትጠጣው!» አለችኝ። እኩለ ቀን ሳይሆን ወሬው በወታደር ቤቶች ሁሉ ተዳረሰ። በማግስቱ ሎኮ ሙሉ ጎርፋ ይዛ መጥታ ሙሉ ጎርፋ ይዛ ተመለሰች። ሐጋያው፣ ማለት የጥቅምትና የኅዳር ዝናብ፣ ጥሩ ጥሎ ሣሩ ጉልበት ደርሷል፤ ላሞቹም ይታለባሉ፤ የሚገዛ ግን ጠፋ።

የወተቱ ነገር ቀላሉ ነበር። ወሬው መንደሯም ደረሰ። ያን ጊዜ ሳንባ ነቀርሳ የያዘው ሰው ዕቃውም መኝታውም ይለይ ነበር፤ የሎኮም ተለየ። ዳኪ የምትባለውን፣ ገና ኮልታፋ የሆነች ልጇንም ወሰዱባት። ልጅቱ አያቷ ቤት እንድታድር፣ እናቷም እንዳትነካት ተባለ። ይህን የነገረኝ የጤና ጣቢያው ድሬሰር፣ ማለት ቁስል አጣቢው፣ ቦሩ ነው። «ልጅቱን ከአጥሩ ማዶ ሆና ታያታለች» አለኝ። ምሳዬን ሳልጨርስ ተነሣሁ።

ታዲያ በዚያው ሰሞን ራጅ ሊመጣ ነው ተባለ። ራጅ የምንለው ኤክስሬይ ነው፤ በጭነት መኪና ላይ የተጫነ፣ ከነጄኔሬተሩ የሚዞር፣ ሳንባ ነቀርሳ ያለበትን ሰው እየለየ በየከተማው ጥቂት ቀን የሚቆይ። ሕዝቡ እንዳይሸበር አስቀድሞ የሚያስረዳ ሰው ሲፈለግ እጄን አወጣሁ። ማስረዳት! ለኔ ከዚህ የበለጠ ደስታ አልነበረም። ትምህርት ቤት ጥቁር ሰሌዳ ላይ ደረት ሣልኩ፤ በነጭ ጠመኔ አጥንቱን፣ በቀይ ጠመኔ ልቡን። ከላይ ሸሚዝ ይወልቃል፤ አንገት ላይ ያለ ጌጥ ሁሉ ይነሣል፤ ደረት ከሳህኑ ጋር ይለጠፋል፤ ትንፋሽ ይሳባል፣ ይያዛል፤ «ጠቅ» ይላል፤ አለቀ። ተማሪዎቼን እያሰለፍኩ እስኪሰለቹ አለማመድኳቸው።

ለገበያው ግን በኦሮምኛ መናገር አለብኝ ብዬ ቆረጥኩ። ቅዳሜ ገበያው ሞቅ ሲል ድንጋይ ላይ ወጣሁና በለመድኩት ቋንቋ «ራጂ ኒ ዱፋ!» ብዬ ጮኽኩ። ራጅ ሊመጣ ነው ማለቴ ነው። አጥንታችሁን ያያል፤ በሆዳችሁ ያለውን ይናገራል፤ ሰኞ ጠዋት ጤና ጣቢያ ኑ፤ በነፃ ነው አልኩ። ፍየል ይጎትት የነበረው ሰው ገመዱን ለቀቀ። ቅቤ ሻጮቹ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። ንግግሬ እንዲህ ሰምሮልኝ አያውቅምና ከድንጋዩ ስወርድ ራሴን የትምህርት ሹም ሆኜ አየሁት።

ሰኞ ጠዋት ጤና ጣቢያው ደጅ የጥምቀት ሜዳ መሰለ። ጭቃ የጠጣው መኪና ግራሩ ሥር ቆሟል፤ ጄኔሬተሩ ያጓራል። ሰው ከየት ከየት አልመጣም! ከሩቅ መንደር በግመል የመጡ ነበሩ፤ በግና ሙክት የጎተቱ ነበሩ፤ አንዲት ባልቴት ቅቤ በቅል ይዛ መኪናውን ጎማ በጎማ ትቀባ ነበር። የራጅ ባለሙያው ፍሥሐ፣ እንደኔው ወጣት፣ ነጭ ጋዋኑን ለብሶ በሩን ከፈተና ክው አለ።

«መምህር፣ እዚህ አገር ለራጅ በግ ይታረዳል እንዴ?»

መልስ ሳልሰጥ አንድ ረጅም ሰውዬ ጦሩን መሬት ተክሎ ወደ ፍሥሐ ጠጋ አለ። «መጪው ቦና ይከፋል ወይስ ይቀላል?» ሲል ጠየቀው። ቦና በጋው ነው። ከኋላው ያለው ተንጠራራ። «የኔ ነጭ ግመል ጠፋች። ወዴት ሄደች? እሱን ጠይቅልኝ!» ሌላዋ ልጇ ሙሽራ መቼ እንደሚያመጣ ጠየቀች። በመሐል አንድ የማውቀው ድምፅ ሰማሁ።

«ወንድሜ፣ ሃምሳ አለቃ ዘንድሮ መቶ አለቃ ይሆናል ወይ? በለው እስቲ» አለች እትዬ ይርገዱ፣ ነጠላዋን አደግድጋ።

ድሬሰሩ ቦሩ ግንዱን ተደግፎ እንባው እስኪወርድ ይስቃል። ትከሻውን ይዤ ነቀነቅሁት።

«ምንድን ነው ነገሩ?»

«መምህር! ራጂ እኮ በኛ ቋንቋ ትንቢት ነው! ቅዳሜ ድንጋይ ላይ ወጥተህ ‹ትንቢት ሊመጣ ነው፣ የሆዳችሁን ይናገራል› አልክ። ታዲያ ሰው ቤቱ ይቀመጥልህ?»

መጀመሪያ ፊቴ ጋለ፤ ቀጥሎ እኔም ሳቅሁ። ፍሥሐ ሲነገረው ደረጃው ላይ ተቀምጦ ሳቀ። ቦሩ አንድ ድንጋይ ላይ ወጥቶ ነገሩን ሲያቃና ሰልፉ ሁሉ በሳቅ ተናጋ። ግመል የጠፋችበት ሰውዬ ብቻ ተናዶ ያመጣውን በግ እየጎተተ ሄደ። ቅቤ ትቀባ የነበረችው ባልቴት ግን አልተከፋችም፤ «ቀብቼዋለሁ፤ ከመጣሁ ምን ቸገረኝ፣ ይየኝ» ብላ ከሰልፉ ፊት ቆመች። ብዙው ሰው እንደሷ ቀረ። ሳቅ ፍርሃትን ያባርራል፤ ያን ቀን የተማርኩት አንዱ ነገር ይህ ነው።

ሎኮን በሰልፉ ውስጥ ብፈልጋት ግን አጣኋት። ሁሉንም ሥራ ለሷ ብዬ የጀመርኩት ያህል ነበርና ደስታዬ ጎደለ። «አማቷ ከልክለዋታል» አለኝ ቦሩ። «መኪናው ረቡዕ ይሄዳል። ከፈለግህ ራስህ ሂድና አናግራቸው፤ አማርኛ ይችላሉ።»

ከሰዓት በኋላ ተነሣሁ። መንገዱ በቀይ ኩይሳዎች መሐል ያልፋል፤ አንዳንዱ ኩይሳ ከሰው ቁመት በላይ ነው፤ ከሩቅ የተሰለፈ ወታደር ይመስላል። ግራሩ አብቦ አየሩ ማር ማር ይሸታል። መንደሩ ስደርስ የሎኮ አማት፣ ኦቦ ጃርሶ፣ ከአጥሩ ውጭ ዛፍ ሥር ተቀምጠው ዱላ ይልጋሉ። ትንሿ ዳኪ አጠገባቸው ፍቅፋቂውን ትለቅማለች። ከማዶ፣ ከአንዲት ጎጆ በር ላይ፣ ሎኮ ተቀምጣለች። ልጅቱ ቀና ባለች ቁጥር እጇን ታውለበልብላታለች። ያቺ ተረበኛ ሴት ያን ቀን እኔንም አልተረበችኝ።

ኦቦ ጃርሶ በአካባቢው የታወቁ ሞራ ገላጭ ናቸው። ፍየል ታርዶ ሞራው ሲዘረጋ በላዩ ያለውን መስመር አይተው ስለ ዝናብ፣ ስለ ከብት፣ ስለ ጠብና ስለ ዕርቅ ይናገራሉ።

«አካም ኦልታኒ፣ ኦቦ ጃርሶ?» ብዬ እንዴት ዋሉ አልኳቸው።

«ነጋ፣ ነጋ፤ ሰላም ነው። ባርሲሳ መጣህ? ትንቢትህን ለማን ትተህ መጣህ?» አሉና በዓይናቸው ሳቁ። ወሬው ቀድሞኝ ደርሷል።

ተቀመጥኩና ማስረዳት ጀመርኩ። ብርሃን የማይደርስበት ስለሚደርስ ጨረር ተናገርኩ። መሬቱን በእጄ ደልድዬ በእንጨት ሳንባ ሣልኩላቸው፤ አጥንት ነጭ፣ አየር ጥቁር ሆኖ እንደሚታይ፣ የታመመ ሳንባ እንዴት እንደ ደመና እንደሚሆን። ኦቦ ጃርሶ ዱላቸውን እየላጉ አዳመጡ። ስጨርስ ሥዕሉን ጎንበስ ብለው አዩት።

«ጥሩ ፍየል ነው» አሉ።

«ሰው ነው፣ ኦቦ ጃርሶ።»

«ሰው ከሆነ አንገቱ ረዝሟል።»

ተስፋ መቁረጥ አልወድም፤ በሌላ በኩል ሞከርኩ። «አንቱ ራስዎ ሞራ ገላጭ ነዎት። የሰውን ሁሉ ይገልጣሉ። የሎኮንስ ለምን አላዩላትም?»

መላጊያቸውን አስቀመጡ። «ለሰው ቤት እገልጣለሁ። ለገዛ ቤቴ አልገልጥም። ክፉ ባይስ? ያየሁትን አፌ ይናገራል። የተነገረ ነገር ደግሞ ይመጣል። ይቺ ሴት ልጄ ማለት ናት። ያንተ ራጂ ‹ትሞታለች› ብሎ ከተናገረ፣ ማን ይመልሰዋል? ዝም ካልን ምናልባት ይረሳታል።»

ያን ጊዜ ገባኝ። ሰውየው ማሽኑን ያልፈለጉት ስለናቁት መስሎኝ ነበር፤ ለካ ከልክ በላይ አክብረውት ነው። እኔ ኃይሉን ስዘረዝር በዋልኩ ቁጥር ፍርሃታቸውን ስጨምር ነበር። ጨረሩንም ሥዕሉንም ተውኩት።

«ኦቦ ጃርሶ፣ ይህ ማሽን ነገ የሚባል ነገር አያውቅም።»

ቀና አሉ። «አያውቅም?»

«አያውቅም። ዛሬ፣ አሁን፣ ደረቷ ውስጥ ያለውን ብቻ ነው የሚያየው።»

«ዝናብስ?»

«አያውቅም።»

«ትናንትስ?»

«ጠባሳ ካልተወ ትናንትንም አያውቅም።»

«የጠፋ ከብት? ምቀኛ? የሰው ዕድሜ?»

«አንዱንም አያውቅም። ክፉ ነገር ቢያይ እንኳ ሐኪሙ መድኃኒት ይሰጣል እንጂ እሱ የሚፈርደው ነገር የለም።»

የኦቦ ጃርሶ ትከሻ ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ ሳቁ ከሆዳቸው መጣ። «ታዲያ ያን ሁሉ ነዳጅ የሚጠጣው ለምንድን ነው? እኔ በአንዲት ፍየል ከሱ የበለጠ አውቃለሁ!» ተነሥተው ዱላቸውን ወደ ጎጆው ዘረጉ። «ሎኮ! ነይ! ይህ የፈረንጅ ዕቃ ምንም አያውቅም! ሂጂና ይይሽ!»

በማግስቱ ጠዋት ሦስቱም መጡ፤ ዳኪ በአያቷ ጀርባ ታዝላ። ኦቦ ጃርሶ «መጀመሪያ እኔ ልቅመሰው» ብለው ልጅቱን ለቦሩ ሰጡና ኩታቸውን አውልቀው ገቡ። ሳህኑ ደረታቸውን ሲነካ «ይበርዳል!» ብለው ዘለሉ። ፍሥሐ «ሳቡ! ያዙ!» አለ። ጠቅ አለ። ፍሥሐ ፊልሙን ሊያወጣ ዞር ሲል «ልቀቁ» ማለቱን ዘነጋ። ሽማግሌው ጉንጫቸውን እንደ ቀርበት ነፍተው፣ ዓይናቸውን አፍጥጠው፣ እንደ ታዘዙት ቆመዋል። እኔ ነኝ ሮጬ ገብቼ «ይበቃል፣ ይተንፍሱ!» ያልኳቸው። ነፋሱን ሲለቁት ውጭ ያለው ሰው ሁሉ ሰማው።

የሎኮ ተራ ሆነ። የቦረና ሴት አንገት ባዶ አይደለም፤ ዶቃ በዶቃ ላይ፣ የብር ጌጥ በዶቃው ላይ ነው። ሁሉም መውለቅ ነበረበት። አንድ በአንድ እየፈታች የምትሰጠው ሰው በዓይኗ ፈለገች። ከሰልፉ ዳር ቆማ ነገሩን የምትመለከተው እትዬ ይርገዱ ነበረች። ሎኮ ዶቃውን ዘረጋችላት። እትዬ ይርገዱ እጇን ወደ ደረቷ ሰበሰበች።

«ያዢልኝ እንጂ» አለች ሎኮ። «አይነክስሽም፤ ዶቃ ነው።»

ሰልፉ ሁሉ እትዬ ይርገዱን አየ። ቀላች። ከዚያ ነጠላዋን ዘረጋችና ዶቃውን ሁሉ ተቀበለች፤ ሎኮ እስክትወጣም እንደ አራስ ልጅ አቅፋው ቆመች። ሎኮ ስትወጣ «ምን ተሰማሽ?» ብዬ ጠየቅኋት፤ ያኔም ለትምህርት ይጠቅማል ብዬ ነበር። «ምንም» አለች ግራ ገብቷት። «ጠቅ አለ፤ አለቀ። ይህን ያህል ያስለፈለፈህ ይህ ነው?»

ፊልሞቹ ታጥበው ከመኪናው ጥላ ሥር ገመድ ላይ እንደ ልብስ ተሰጡ። እስኪደርቁ መጠበቁ ከሁሉም ይከብድ ነበር። ሎኮ መሬት ላይ ተቀምጣ ሣር ትነጫለች። ዳኪ ከአያቷ ጉያ ሆና ወደ እናቷ ትንጠራራለች፤ ሽማግሌው አጥብቀው ይዘዋታል፤ ዓይናቸው ግን ከገመዱ አይነቀልም። ከመኪናው ጋር የመጣው ሐኪም የሎኮን ፊልም አወረደና ወደ ፀሐይ ዘረጋው። ረጅም ጊዜ አየ። የተናገረውንም ቦሩ እየተረጎመ እንዲህ አለ።

«ሳንባዋ ንጹሕ ነው። ነቀርሳ የላትም። ሳሉ የጭስ ነው፤ ቅድም ጠይቄያታለሁ። ጎርፋውን ስታጥን ፊቷን ፍሙ ላይ ነው የምትደፋው፤ ዕቃውን ከነፋሱ በኩል ሆና ከራቅ ብላ ታጥን።»

ኦቦ ጃርሶ ፊልሙን ተቀብለው እሳቸውም ወደ ፀሐይ ዘረጉት፤ በባለሙያ ዓይን ወደላይ ወደታች መረመሩት።

«ይህ ነጩ?»

«አጥንት ነው» አልኩ።

«ይህ ጥቁሩ?»

«አየር። ጤናው እሱ ነው።»

«ጥቁሩ ነው ጤናው!» አሉ ተገርመው። ፊልሙን መለሱና ዳኪን ከጉያቸው አውጥተው መሬት አቆሟት። «ሂጂ» አሏት፤ ሌላ ቃል አልጨመሩም።

ልጅቱ ሮጠች። በትናንሽ እግሮቿ ተደናቅፋ ወደቀች፤ ሳታለቅስ ተነሥታ እንደገና ሮጠች። ሎኮ በጉልበቷ ተንበርክካ ተቀበለቻትና ፊቷን ልጅቱ አንገት ውስጥ ቀበረች። መጀመሪያ እልል ያለችው ማን ናት ቢባል እትዬ ይርገዱ ናት፤ ዶቃውን በነጠላዋ እንዳቀፈች። ቦረናዎቹ ሴቶች ተቀበሏት፤ የወታደር ሚስቶች ተከተሉ። ጄኔሬተሩ እንኳ አልተሰማም።

ነገሩ እዚህ ያበቃ መስሎኝ ነበር። ሎኮ ግን ፊልሙን ስጡኝ አለች። ፍሥሐ ሐኪሙን አየ፣ ሐኪሙ ትከሻውን ነቀነቀ፤ ሰጧት። ያን ዕለት ከሰዓት ፊልሙን ዱላ ጫፍ ላይ አስራ፣ ዳኪን አዝላ፣ ጎርፋዋን ተሸክማ ወታደር ቤቶች ደጅ ደረሰች። በየበሩ እየቆመች ፊልሙን ወደ ፀሐይ ታነሣለች።

«ኑ እዩ! ውስጤ ይህ ነው! አጥንቴን ቁጠሩ!»

ሴቶቹ ኩባያ ይዘው ወጡ። እኛ ደጅ ስትደርስ ወተቱ ሊያልቅ ጥቂት ቀርቶታል። እትዬ ይርገዱ ኩባያዋን ስትዘረጋ ሎኮ ወዲያው አልቀዳችላትም።

«የኔን አየሽ። ያንቺስ ውስጥ?»

«የኔ ምን ይሆናል!»

«እኔ እንጃ። እኔ ወተት የምሸጠው ውስጡ ለታየ ሰው ነው» አለች ሎኮ ፊቷን ኮስተር አድርጋ፤ ከንፈሯ ግን ከዳት። ሁለቱም ሳቁ፤ ወተቱም ተቀዳ። ረቡዕ ጠዋት፣ መኪናው ከመነሣቱ በፊት፣ የወታደር ሚስቶች ሁሉ በእትዬ ይርገዱ መሪነት ግራሩ ሥር ተሰልፈው ነበር። ፍሥሐ «መምህር፣ እነዚህን ደግሞ ምን ብለህ ነው የጠራሃቸው?» አለኝ።

በሳምንቱ ኦቦ ጃርሶ ቤት ተጠራሁ። ቡናው ከነቅርፊቱ በቅቤ ተጠብሶ በወተት ቀረበልኝ፤ እንደ ቆሎ የሚታኘክ ቡና ነው፤ ቅቤው አገጬ ላይ ወረደ። ሎኮ ልጇን ታቅፋ የኦሮምኛ ፈተናዬን ቀጠለችልኝ፤ ወደቅሁ። ወተቷን እስከተዛወርኩበት ቀን ድረስ ጠጣሁ።

ከዚያ ወዲህ አዲስ ቃል ሳስተምር፣ ትርጉሙን ከመጻፌ በፊት «ይህን ቃል ስትሰሙ ምን ታያችሁ?» ብዬ መጠየቅ ልማዴ ሆነ። ሐኪም ቤት ተራ ስጠብቅም አጠገቤ ያለው ሰው ከፈራ መጀመሪያ የምነግረው ማሽኑ የማያውቀውን ነው። ሐዋሳ እጄን ለያዘችኝ ሴትም እንዲሁ አልኳት። ግን እውነቱን ለመናገር፣ ከማሽኑም ከኔ ማስረዳትም ይበልጥ ዛሬ የሚገርመኝ ሌላ ነው። ሰው ሁሉ ውስጡን ሲሸሽግ ይኖራል፤ ሎኮ ግን ውስጧን ዱላ ላይ ሰቅላ በየደጁ ዞረች፤ የታማችበትን መንገድ ሁሉ በዚያው እግሯ ሄደችበት።

የኔን ውጤት ለልጄ የነገሯት በማግስቱ ነው፤ ጉበቱም ኩላሊቱም ደህና፣ ጎኔን የሚወጋኝ የጡንቻ ሕመም። ከክሊኒኩ ሥዕሉ ያለበትን ወረቀት ተቀብዬ ባጃጅ ውስጥ ገባሁ። አጠገቤ አንድ የማላውቀው ጎልማሳ ተቀምጧል። ወረቀቱን በኪሴ ልከት አልኩና ተውኩት፤ ዘረጋሁለት።

«ይኸውልህ፣ ጉበቴ ነው» አልኩት።

ሰውየው ደንገጥ ብሎ እኔን አየ፤ ከዚያ ወረቀቱን ተቀብሎ ወደ ብርሃኑ አዞረው፤ በጥሞናም ተመለከተው።

«ያምራል፣ አባባ» አለኝ።